የእጅ መልቲሜትር ታሪክ፦ በፊቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ከየት መጡ?

መልቲሜትር ቮልቴጅን፣ ኮረንትንና ሬዚስታንስን በአንድነት የሚለካ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሣሪያ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የእጅ መልቲሜትር ፊቱ በቁጥርና በምልክት የተሞላ ነው፤ 1999፣ 10 ሜጋኦም፣ ትሩ አርኤምኤስ፣ ሎው ዚ፣ ካት 3 600 ቮልት እያለ ይቀጥላል። ገዢው ብዙ ጊዜ ምልክቶቹን የሚያያቸው እንደ ጌጥ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የተጻፉት አንድ ችግር ሠራተኞችን ካስቸገረ፣ አንዳንዴም ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ያለፈበትን መንገድ ተከትሎ መሄድ ለዕለት ሥራ የሚሆነውን ለመምረጥ ዋናው መንገድ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርፌው ከላቦራቶሪ እስኪወጣ

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 ባትሪን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ሳይቆራረጥ የሚፈስ ኮረንት ተገኘ። መለኪያ ግን አልነበረውም። በ1820 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ ኮረንት የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ ከአቅጣጫው እንደሚያዞር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ዮሐን ሽቫይገር ሽቦውን በመርፌው ዙሪያ ደጋግሞ በመጠቅለል የኮረንቱን ጉልበት አበዛው፤ ደካማ ኮረንት እንኳ መርፌውን ማንቀሳቀስ ቻለ። ጋልቫኖሜትር የሚባለው መሣሪያ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1827 ጌኦርግ ኦም ቮልቴጅ፣ ኮረንትና ሬዚስታንስ የሚዛመዱበትን ሕግ አሳተመ። ከሦስቱ ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው በስሌት ይገኛል፤ አንድ መሣሪያ ሦስቱንም መለካት የቻለው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጋልቫኖሜትሮች ግን ለመንደርና ለፋብሪካ ሥራ የሚሆኑ አልነበሩም። የሚዞረው ማግኔቱ ስለነበረ የምድር ማግኔታዊ ኃይልም ይስበዋል። መሣሪያው ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ ተስተካክሎ መቀመጥና ከብረት መራቅ ነበረበት። የሚያሳየውም የመርፌውን መዞር እንጂ አምፔርን ወይም ቮልትን አልነበረም፤ ቁጥሩን ማውጣት የለካውን ሰው ስሌት ይጠይቃል።

ነገሩን የቀየረው የንግድ ኤሌክትሪክ መምጣት ነው። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ኦምን፣ ቮልትንና አምፔርን የጋራ መለኪያ አድርጎ ተቀበለ። በዓመቱ በ1882 የቶማስ ኤዲሰን የፐርል መንገድ ማመንጫ ኒውዮርክ ውስጥ መብራት መሸጥ ጀመረ። ኤሌክትሪክ ሸቀጥ ከሆነ መስፈሪያ ያስፈልገዋል። በዚያው ዓመት ፈረንሳውያኑ ማርሴል ደፕሬና ዣክ ዳርሶንቫል አሠራሩን ገለበጡት፤ ማግኔቱ በቦታው እንዲጸና፣ የሚንቀሳቀሰው በማግኔቱ ጉያ የተንጠለጠለው የሽቦ ጥቅል እንዲሆን አደረጉ። ጠንካራ ማግኔት ጥቅሉን ስለሚከበው የምድር ማግኔታዊ ኃይልና በአቅራቢያ ያለ ብረት ብዙም አያስቸግሩትም።

ይህን ንድፍ ከላቦራቶሪ አውጥቶ በእጅ የሚያዝ ያደረገው በእንግሊዝ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኤድዋርድ ዌስተን ነው። በ1888 በኒውጀርዚ ግዛት በኒውዋርክ ከተማ የመለኪያ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። የተጋፈጣቸው ችግሮች ተራ የሚመስሉ ነበሩ። ማግኔት በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ዌስተን ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ የሚረጋጋበትን ዘዴ አገኘ። የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፤ ሙቀት ብዙም የማይነካቸውን የብረት ቅልቅሎች ሠራ። መርፌው ቆሞ ከመነበቡ በፊት ሲወዛወዝ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥቅሉን በብረታ ብረት ፍሬም ላይ በማድረግ ውዝዋዜውን ገታው። ከዚህ በኋላ መርፌው የቆመበትን ቁጥር ማንበብ ብቻ በቂ ሆነ፤ ስሌቱ በስኬሉ ላይ አስቀድሞ ተሠርቶ ቀርቧል።

ሦስቱ በአንድ ሳጥን

ዌስተን የሠራቸው መሣሪያዎች በአብዛኛው አንድ አንድ ሥራ ብቻ ነበራቸው፤ ቮልትሜትሩ ሌላ፣ አምፔር ሜትሩ ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቴሌፎን መስመር የሚጠግን ሠራተኛ ሁለቱንም፣ ከእነርሱም ጋር የሬዚስታንስ መለኪያ ተሸክሞ መዞር ነበረበት። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ ይህን ሸክም የሚያቃልል ሐሳብ አመጣ። ሦስቱም መሣሪያዎች ውስጣቸው ያው አንድ መርፌና አንድ የሽቦ ጥቅል ነው፤ የሚለያዩት በዙሪያቸው በተገጠሙት ሬዚስተሮች ነው። ስለዚህ አንድ መርፌ አስቀምጦ ሬዚስተሮቹን በማዞሪያ ቁልፍ መለዋወጥ ይቻላል።

በመርፌ መሣሪያዎች ላይ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ቮልቴጅ ሲለካ ትልቅ ሬዚስተር ከጥቅሉ ጋር በተከታታይ ይገባና ኮረንቱን ያሳንሰዋል። ኮረንት ሲለካ በጣም ትንሽ ሬዚስተር ከጥቅሉ ጎን ይቀመጥና አብዛኛውን ኮረንት በራሱ በኩል ያሳልፋል፤ ለጥቅሉ የሚደርሰው ድርሻ ጥቂት ነው። ሬዚስታንስ ሲለካ ደግሞ መሣሪያው በራሱ ባትሪ ኮረንት ይልክና ምን ያህሉ እንዳለፈ ያያል። ኦም የሚለካው መብራት ከጠፋ በኋላ ብቻ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ቮልቴጅ የባትሪውን ልኬት ያበላሻል፣ መሣሪያውንም ያቃጥላል።

የማካዲ መሣሪያ በ1923 ለገበያ ቀረበ። የአምፔር፣ የቮልትና የኦም የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው አቮሜትር የሚለውን ስም ሰጡት፤ ስሙ በብዙ አገሮች ለማንኛውም መልቲሜትር መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። መጀመሪያ የሚለካው ቀጥታ ኮረንትን ወይም ዲሲን ብቻ ነበር። አቅጣጫውን የሚቀያይረው ኤሲ መርፌውን ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ባለበት ያስቀረዋል። ኤሲን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞረው ሬክቲፋየር ሲገጠምለት በ1930ዎቹ ሁለቱም በአንድ መሣሪያ ተለኩ።

በ1951 የወጣው አቮሜትር ሞዴል 8 የዚህ ዘመን ጫፍ ነው። በስኬሉ ሥር ቀጭን መስተዋት ተዘርግቶበታል፤ አንባቢው መርፌውንና በመስተዋቱ ውስጥ ያለውን ጥላ አንድ አድርጎ ሲያይ ዓይኑ ቀጥ ብሎ መቆሙን ያውቃል፣ በጎን በማየት የሚመጣው ስሕተት ይቀራል። አንዱ ማዞሪያ ለዲሲ ሌላው ለኤሲ ነው። ከአቅም በላይ ኮረንት ሲገባ ሰርኪቱን የሚቆርጥ ቁልፍ ብቅ ይላል፤ ሠራተኛው ስሕተቱን አርሞ ቁልፉን መልሶ በመጫን ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ሞዴል እየተሻሻለ እስከ 2008 ድረስ ተመርቷል። ለግማሽ ምዕት ዓመት ገበያ ላይ የቆየበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የተሠራው ሰው እንደሚሳሳት ታውቆ ነው።

መለኪያው ራሱ ሲያዛባ

ሬዲዮ ሲስፋፋ አዲስ ችግር መጣ። መርፌ ለመንቀሳቀስ ኮረንት ይፈልጋል፤ ይህን ኮረንት የሚወስደው ከሚለካው ሰርኪት ነው። መሣሪያው የሚወስደው በበዛ ቁጥር የሚለካውን ነገር ራሱ ይለውጠዋል። የመሣሪያው ጨዋነት የሚለካው በኦም በቮልት ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጣልቃ ገብነቱ ያንሳል።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ10 ቮልት ምንጭ ላይ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች በተከታታይ ቢቀጠሉ መሐላቸው ላይ ያለው ቮልቴጅ 5 ቮልት ነው። 1,000 ኦም በቮልት የሆነ መሣሪያ በ10 ቮልት ሬንጁ ላይ ሆኖ ቢለካው ራሱ 10 ኪሎኦም ብቻ ስለሆነ ቮልቴጁን ይጎትተዋል፤ የሚያሳየው 0.83 ቮልት ነው። እንደ አቮ ሞዴል 8 ወይም እንደ አሜሪካዊው ሲምፕሰን 260 ያለ 20,000 ኦም በቮልት የሆነ መሣሪያ 4 ቮልት ያሳያል። 10 ሜጋኦም የሆነ የዛሬ ዲጂታል መልቲሜትር ወደ 4.98 ቮልት ያሳያል። ሦስቱም መሣሪያዎች አልተበላሹም፤ የተለያየ ቁጥር የሰጡት የተለያየ ጭነት በሰርኪቱ ላይ ስለጫኑ ነው።

ከመርፌ ዘመን ሳይወጡ ለዚህ የተገኘው መፍትሔ የቫኪዩም ቱቦ ቮልትሜትር ነበር። ቱቦው የሚለካውን ቮልቴጅ በራሱ ኃይል አጉልቶ ለመርፌው ስለሚያቀርብ ከሰርኪቱ የሚወስደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የተለመደው የመግቢያ ሬዚስታንሱ 11 ሜጋኦም ነበር። ነገር ግን የግድግዳ መብራት ይፈልጋል፣ እስኪሞቅም ይጠበቃል። ለራዲዮ ጠጋኝ ጠረጴዛ እንጂ ምሰሶ ለሚወጣ ሠራተኛ አልሆነም።

ከመርፌ ወደ ቁጥር

በ1950ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አሜሪካዊው አንድሩ ኬይ በካሊፎርኒያ ባቋቋመው ነን ሊኒየር ሲስተምስ በተባለ ኩባንያ ቮልቴጅን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ። ትልቅና ውድ ስለነበረ የገዙት ላቦራቶሪዎችና የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ናቸው። የእጅ መሣሪያ ለመሆን ሦስት ነገሮች መገኘት ነበረባቸው፤ በአንድ ቺፕ ላይ የሰፈረ የልኬት ሰርኪት፣ ኃይል የማይበላ የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያና ብዙ የሚቆይ ባትሪ። ሦስቱ የተገናኙት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1977 የአሜሪካው ፍሉክ ኩባንያ 8020ኤ የተባለውን በአንድ እጅ የሚያዝ ዲጂታል መልቲሜትር ገበያ ላይ አዋለ። በዚያው ሰሞን ኢንተርሲል ያወጣው 7106 ቺፕ በአንድ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሙሉ የልኬት ክፍል ስለነበረ ብዙ አምራቾች በእርሱ ላይ መሣሪያ መሥራት ጀመሩ።

የቺፑ አሠራር ቀላልና ብልህ ነው። የሚለካው ቮልቴጅ ለተወሰነ ጊዜ አንድ ካፓሲተር ይሞላል፤ ከዚያ በታወቀ ቮልቴጅ እንዲራገፍ ይደረጋል፤ ለመራገፍ የፈጀው ጊዜ በቆጣሪ ተቆጥሮ ቁጥር ይሆናል። የመሙያው ጊዜ 100 ሚሊሰከንድ ቢሆን የ50 ኸርዝ መብራት አምስት ሙሉ ዑደት፣ የ60 ኸርዝ ስድስት ሙሉ ዑደት ያደርጋል፤ ከዑደቱ ላይኛው ግማሽ የተጨመረው በታችኛው ግማሽ ስለሚቀነስ በአካባቢው ካለ መብራት የሚገባው ረብሻ ይጠፋል። ቆጣሪው እስከ 1999 ስለሚቆጥር እንዲህ ያለው መሣሪያ ሦስት ተኩል አኃዝ ይባላል፤ የፊተኛው ቦታ 1 ወይም ባዶ ብቻ መሆን ይችላል።

ዲጂታሉ ያሸነፈው በትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ቢወድቅ የሚሰበር መርፌ የለውም፣ ዋልታው ተገልብጦ ቢነካም የመቀነስ ምልክት ያሳያል እንጂ አይጎዳም። ያጣው ነገር ደግሞ የመርፌው እንቅስቃሴ ነው፤ ቮልቴጅ ቀስ ብሎ ሲወርድ ወይም ሲዋዥቅ መርፌ ወዲያው ያሳያል፣ የሚፈራረቁ ቁጥሮች ግን አያሳዩም። ፍሉክ በ1983 ባወጣው የ70 ተከታታይ ሞዴል ከቁጥሩ ሥር የሚሮጥ የመስመር ማሳያ በመጨመር ይህን ለመመለስ ሞከረ።

ሁለት ሌሎች ችግሮች ከጊዜ በኋላ ተገለጡ። አንደኛው ከሬክቲፋየር ዘመን የመጣ ነው። ተራ መሣሪያ ኤሲን የሚለካው አማካዩን ወስዶ በ1.11 በማባዛት ነው፤ ይህ የሚሠራው ለለሰለሰ ሞገድ ብቻ ነው። ዛሬ ከኢንቨርተር፣ ከሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያና ከዲመር የሚወጣው ሞገድ የተቆራረጠ ነው። አራት ማዕዘን ሞገድ ለሚያወጣ ርካሽ ኢንቨርተር ተራው መሣሪያ 11 በመቶ አብዝቶ ያነባል፤ ለተቆራረጠ ኮረንት ደግሞ አሳንሶ ያነባል። ትሩ አርኤምኤስ የሚለው ጽሑፍ መሣሪያው የሞገዱ ቅርጽ ሳያታልለው እውነተኛውን ውጤት እንደሚያሰላ ያመለክታል።

ሁለተኛው የ10 ሜጋኦም ጥቅም ያመጣው ጉዳት ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ መብራት ካለው ሽቦ ጎን የተዘረጋ የተቆረጠ ሽቦ በአየርና በፕላስቲክ ተሻግሮ ጥቂት ቮልቴጅ ይጋባበታል። አሮጌው መርፌ የሚወስደው ኮረንት ይህን ያጠፋው ስለነበረ ዜሮ ያሳይ ነበር፤ ዲጂታሉ ግን እጅግ ጥቂት ብቻ ስለሚወስድ በርካታ አሥር ቮልት ያሳያል። ሠራተኛው ሽቦው ሕይወት አለው ብሎ ይሳሳታል። ሎው ዚ የሚባለው ምርጫ ሆን ተብሎ ጥቂት ሺህ ኦም ጭነት በመጫን የሐሰቱን ቮልቴጅ ያጠፋዋል። ኢንዱስትሪው አንድ ጊዜ ያስወገደውን ባሕርይ ለሽቦ ሥራ መልሶ አመጣው።

የደኅንነቱ ትምህርት

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በ7106 ዓይነት ቺፕ ላይ የተሠሩ፣ 830 በሚል ቁጥር የሚታወቁ ርካሽ መልቲሜትሮች ከቻይና ተነሥተው ዓለምን አዳረሱ። ለተማሪና ለባትሪ ሥራ ትልቅ በረከት ሆኑ። ብዙዎቹ ግን የ10 አምፔር ማስገቢያቸው ፊውዝ የለውም፤ ይህም በፊታቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አደጋው የሚደርሰው እንዲህ ነው። ሠራተኛው ኮረንት ለክቶ ቀዩን ገመድ ከአምፔር ማስገቢያ ሳያወጣ ሶኬት ውስጥ ያስገባዋል። የአምፔር ማስገቢያ ሬዚስታንሱ ከሽቦ የማይለይ ስለሆነ ሾርት ይፈጠራል። ተራ የብርጭቆ ፊውዝ ቢኖር እንኳ በእንዲህ ያለ ጊዜ ውስጡ በእሳት ይሞላና ኮረንቱ ማለፉን ይቀጥላል። በአሸዋ የተሞላው የሴራሚክ ፊውዝ ግን እሳቱን አሸዋው ውጦት ይዘጋል፤ ሺዎች አምፔር የሚደርስን ሾርት ይቆርጣል።

ሌላው አደጋ ሠራተኛው ምንም ሳይሳሳት ይመጣል። መብረቅ ሲመታ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ በመስመሩ ላይ ሺዎች ቮልት የሚደርስ ቅጽበታዊ ምት ያልፋል። ምቱ በመሣሪያው ውስጥ ብልጭታ ካስነሳ ብልጭታው ለመስመሩ መብራት መንገድ ይሆንለታል፤ መሣሪያው በእጅ ላይ ይፈነዳል። የፍንዳታው ብርታት የሚወሰነው መስመሩ ስንት ኮረንት መስጠት እንደሚችል ነው፤ ወደ ትራንስፎርመሩ በተጠጉ ቁጥር ይበረታል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ኋላ 61010 በተባለው ደረጃው መሣሪያዎችን በሚሠሩበት ቦታ የከፈላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ካት 2 በሶኬት ለሚሰካ ዕቃ፣ ካት 3 ለብሬከር ሳጥንና ለቋሚ የሕንፃ መስመር፣ ካት 4 ለቆጣሪና ከውጭ ለሚገባው መስመር ነው።

ከካት ቀጥሎ ያለው ቮልቴጅ ብቻውን ገዢን ያሳስታል። ካት 2 1000 ቮልት የተባለ መሣሪያ ካት 3 600 ቮልት ከተባለው የሚበልጥ ይመስላል። ሁለቱም የሚፈተኑት በ6,000 ቮልት ምት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የፈተና ምንጭ ሬዚስታንስ 12 ኦም፣ የሁለተኛው 2 ኦም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የሚቋቋመው 500 አምፔር ሲሆን ሁለተኛው 3,000 አምፔር ነው። በብሬከር ሳጥን ፊት የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ለዕለት ሥራ የሚሆነው የትኛው ነው?

በኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዙ 380 ቮልት፣ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። ሶኬትና ብሬከር ለሚነካ ባለሙያ ካት 3 600 ቮልት ዝቅተኛው ነው፤ ቆጣሪ ላይ ለሚሠራ ካት 4 ያስፈልጋል። ጽሑፉ በመሣሪያው ላይ ብቻ ሳይሆን በገመዶቹም ላይ መኖር አለበት፤ የጥንዱ ደረጃ የደካማው ደረጃ ነው። ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ስለሚችል ነጻ የሆነ የፍተሻ ድርጅት ምልክት መፈለግ፣ ሲቻልም ፊውዞቹ የሴራሚክ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ምርጫውን ሥራው ይወስነዋል። ለሬዲዮና ለስልክ ጥገና 10 ሜጋኦምና ጥሩ ትክክለኛነት ይቀድማሉ። ለሕንፃ ሽቦ ሎው ዚና ሽቦው አለመቆረጡን በድምፅ የሚያሳውቅ ፍተሻ ይጠቅማሉ። ኢንቨርተርና ሶላር ለሚሠራ ትሩ አርኤምኤስ አይቀርም።

ኮረንትን በተመለከተ የእንጀራ ምጣድ ጥሩ ምሳሌ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ይህ ከመልቲሜትር የ10 አምፔር ማስገቢያ በላይ ነው። ሽቦውን ሳይቆርጡ በመንጋጋው አቅፎ የሚለካው ክላምፕ ሜትር ለዚህ የተሠራ ነው። የምጣዱን ሽቦ መቃጠል ለመለየት ግን ኮረንት መለካት አያስፈልግም፤ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ሬዚስታንሱ ሲለካ ወደ 14 ኦም ከተገኘ ሽቦው ደኅና ነው፣ መሣሪያው ምንም ግንኙነት ካላሳየ ተቆርጧል።

የትኛውም መሣሪያ ቢገዛ አንድ ልማድ አብሮት መገዛት አለበት። መብራት መጥፋቱን ከማመን በፊት መሣሪያው በሚታወቅ ሕያው ሶኬት ላይ ይፈተናል፤ ከዚያ የሚሠራበት መስመር ይለካል፤ በመጨረሻ መሣሪያው ተመልሶ በሕያው ሶኬት ላይ ይፈተናል። ባትሪው የሞተ ወይም ገመዱ የተቆረጠ መልቲሜትርም ዜሮ ያሳያልና። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ባለሙያ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ትክክለኛ ደረጃና የሴራሚክ ፊውዝ ያለው፣ ሦስት ነገር ብቻ የሚለካ መሣሪያ ሃያ ነገር ከሚለካና ደረጃው ከማይታወቅ መሣሪያ ይመረጣል።